ሲያረጁ አምባር ይዋጁ፣ ሂሳቡን ትክፈል ማንጁ

ዴ ዴ ፒያር ዴ የሚባለውን የሕንድ ፊልም ልወደው ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። ተዋናይዋ ታቡ ያለችበትን ፊልም በክፉ ዓይን ጀምሬ አላውቅም። ዋናው ተዋናይ አጄይ ዴቭጋንም ዝም ብሎ ሲያፈጥ እንኳ የሚያስቅ ሰው ነው። ታሪኩ ደግሞ ለኛ አገር ሰው ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። ለንደን የሚኖር የ50 ዓመት ሀብታም ሰውዬ የ26 ዓመት ልጅ ይወዳል፣ ላግባሽ ይላታል፣ ከዚያ እጇን ይዞ አገሩ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ እናት አባቱ፣ ለትዳር የደረሰች ሴት ልጁ፣ ወንድ ልጁ፣ ትቷት የሄደው ሚስቱ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው። እንዲህ ያለ ወሬ አዳማ ውስጥ ቡና ላይ ቢነሳ በረካ ተጠጥቶም አያልቅም።

ታዲያ ይሄን የመሰለ ታሪክ ይዘው እንዴት ያበላሹታል?

 ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 2019 ነው፣ በኛ ግንቦት 2011። አዎ፣ ቆይቷል። ክፍል ሁለቱ በ2025 መጨረሻ ላይ ወጣና ሰው ሁሉ "መጀመሪያ አንዱን እይ" ሲለኝ ነው ሰፈራችን ካለ ፊልም ቤት በፍላሽ ያስጫንኩት። ዳይሬክተሩ አኪቭ አሊ ይባላል፤ ከዚያ በፊት የሚታወቀው በኤዲተርነት ነው። የታሪኩ ባለቤት ላቭ ራንጃን ነው። ይሄን ሁለተኛውን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ግማሽ ለንደን ውስጥ ነው። አሺሽ (አጄይ) ገንዘብ አለው፣ ቆንጆ ቤት አለው፣ ከሚስቱ ከተለያየ ዓመታት አልፈዋል። አዬሻ (ራኩል ፕሪት ሲንግ) በሥራ ቀን ኢንጂነር፣ ቅዳሜና እሑድ ባር ውስጥ መጠጥ ቀጂ ናት። የሚተዋወቁት ሊያገባ የደረሰ ጓደኛው የወንደላጤነት መሰናበቻ ፓርቲ ላይ ነው፤ ልጅቷ ሰዎቹን ልታሾፍባቸው ገብታ። ከዚያ ይቀራረባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይዘፍናሉ። ጃቬድ ጃፍሪ የሰውየው ጓደኛ ሆኖ እየመጣ "ተው፣ ይሄ ነገር አያዋጣህም" ይለዋል። ጃቬድ እዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉም በላይ አስቆኛል፣ ግን ጥቂት ነው የሰጡት።

ይሄኛው ክፍል አይደብርም። ቀለል ያለ ነው። አሪጂት ሲንግ የዘፈነው "ቱ ሚላ ቶ ሄና" እና አርማን ማሊክ የዘፈነው "ቻሌ አና" ሁለቱም አሪፍ ናቸው። የሕንድ ፊልም ሙዚቃ ባጃጅ ውስጥ ካልሰማ ውሎው የማይሞላለት ሰው ከሆናችሁ ለነሱ ስትሉ ብቻ ፋይሉን ብታቆዩት አልፈርድም።

ግን ገና እዚህ ጋ አንድ ነገር ይሸታል። ፊልሙ ስለ ዕድሜ ልዩነት ነው ተባልን፣ አይደል? እስካሁን ያየነው የዕድሜ ልዩነት ቀልድ ብቻ ነው። ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ ልጅቷ ትስቃለች፣ ሁላችንም እንስቃለን። ሀምሳ ዓመት ማለት ግን ትንፋሽ ማጠር ብቻ ነው እንዴ? ልጅቷ 40 ሲሞላት እሱ 64 ይሆናል። ልጅ ልውለድ ብትል እሱ ለአቅመ ጋብቻ የደረሰች ልጅ ያለችው ሰው ነው። ጓደኞቿ ማን ናቸው? እሷ ከሱ ጋር አርባ ዓመት ልኑር ስትል ስንቱን በጤና፣ ስንቱን በአስታማሚነት እንደምታሳልፍ አስባዋለች? አንድም ቀን ቁጭ ብለው አያወሩበትም። እኔ ደግሞ ፍቅራቸው ይፍረስ አላልኩም! ይዋደዱ። ዝም ብሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ይጠየቅ ነው ያልኩት።

እሺ፣ ለሁለተኛው ግማሽ ያቆዩት ነገር አለ ብዬ ታገስኩ።

ሁለተኛው ግማሽ ላይ ተራራው መሃል፣ ማናሊ አካባቢ ወዳለው የቤተሰብ ቤት እንሄዳለን። ማንጁን እዚህ ነው የምናገኛት። ማንጁ ታቡ ናት። አማቶቿን ይዛ፣ ሁለት ልጆች አሳድጋ፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ ያቆመች ሴት። ሰውዬው ወጣቷን ይዞ በር ላይ ሲደርስ ይደነግጥና "ጸሐፊዬ ናት" ይላል።

ጸሐፊዬ ናት! እስቲ ይታያችሁ። አንድ የ50 ዓመት የአዳማ ልጅ ከውጭ አገር መጣ እንበል፣ የ26 ዓመት ቆንጆ ይዞ እናቱ ግቢ ገባ እንበል፣ "ጸሐፊዬ ናት" አለ እንበል። ገና ሻንጣው ከባጃጁ ሳይወርድ ወሬው ከፍራንኮ ተነስቶ ፖስታ ቤት ደርሷል። ጎረቤት ስኳር ልትበደር ትመጣለች። ስኳር ያላት ጎረቤት ማለቴ ነው። አክስቴ አብራኝ ስታይ ቡናውን እያመሰች ነበር፣ መቁያውን ሳታስቀምጥ ዞር ብላ "ምኑን ነው የምትጽፍለት?" አለች። ከፊልሙ ቀልድ ሁሉ የሷ ይበልጣል።

ውሸቱ በዚህ አያበቃም። ሴት ልጁ ኢሺካ በአባቷ ተናዳ ለእጮኛዋ ቤተሰብ "አባቴ ሞቷል" ብላ ኖሯል። ስለዚህ አማቾች ሲመጡ አባትየው የእናትየው ወንድም ነው ይባላል። ወንድ ልጁ ደግሞ "ጸሐፊዋን" መከጀል ይጀምራል። ጂሚ ሼርጊል ማንጁን እያጫወተ ይመጣል፣ እንደ ልማዱም ሴቷ ለሌላ ሰው ትቀራለች (የሕንድ ፊልም የሚያይ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ጂሚና ዕድል ተጣልተዋል)። ወረቀት ላይ ሲነበብ ይሄ ሁሉ ያስቃል። ስታዩት ግን ሁሉም ሰው ይጮሃል፣ በር ይከፈታል በር ይዘጋል፣ አንዱ ውሸት ሳያልቅ ሌላው ይደረባል፤ እኔም ከመሃል ላይ ስልኬን አነሳሁ። ስልክ የሚያስነሳ ኮሜዲ ኮሜዲ አይደለም።

በነገራችን ላይ ያየሁት መጀመሪያ በአማርኛ ትርጉም ነበር። ማን እንደተረጎመው አልናገርም። ምክሬ ግን አንድ ነው፦ ይሄን ፊልም የግድ ካላችሁ በሰብታይትል እዩት። አንድ ወንድ ብቻውን የሰባት ሰው ድምፅ ሆኖ ሲያወራ ለድብድብ ፊልም ይሄዳል፣ እንዲያውም ያደምቀዋል። እዚህ ግን ሚስትየውና ወጣቷ ብቻቸውን የሚያወሩበት ቦታ አለ። ሁለቱም ሴቶች በቃል የማይሉትን በዓይን ነው የሚባባሉት። ተርጓሚው ዝም ማለት አልቻለም። ታቡ ትንሽ ዝም ባለች ቁጥር ምን እያሰበች እንደሆነ ይነግረናል፣ አንዳንዴም ምክር ይጨምርበታል። ታቡ እኮ ዝምታዋን ነው የሚከፍሏት! ደግሜ በሰብታይትል ሳየው ያ ቦታ ከፊልሙ ሁሉ የተሻለው ሆኖ አገኘሁት።

አሁን የሚያናድደኝ ጋ ደረስን።

ውሸቱ ሁሉ ሲፈርስ የሴት ልጁ ጋብቻ ይታወካል። ኢሺካ አባቷ ላይ ትወርዳለች። መብቷ ነው። አባት ጥሎ ሄዷል፣ ዓመታት ቆይቷል፣ ሲመለስም ከሷ ብዙም የማትበልጥ ሴት ይዞ ነው፣ ያውም በሷ የሽምግልና ሰሞን። አሁን ሰውዬው አፉን ከፍቶ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይከራከር፣ ያልቅስ፣ የፈለገውን ያድርግ፣ ብቻ እሱ ይናገር። ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ማንጁ። ተነስታ ለባልየው ጥብቅና ትቆማለች። ትዳሩ የፈረሰው በሁለታችንም ነው፣ እሱን ብቻ አትውቀሱት፣ እኔ እሱን ይቅር ብዬ ስኖር እናንተ ምን ቤት ናችሁ ዓይነት ንግግር ነው። ታቡ ንግግሩን እንዴት አድርጋ እንደተናገረችው ልነግራችሁ አልችልም። አክስቴ እንኳ መቁያውን አስቀመጠች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ እንባው ሳይደርቅ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ንግግሩ የሷ አልነበረም፤ የሱ ጠበቃ የጻፈላት ነው የሚመስለው።

ላቭ ራንጃን ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይመጣል። ይሄ ሰው ስሙን ያገኘው በፒያር ካ ፑንችናማ ነው፣ 2011። አንድ ወንድ ሳይተነፍስ ስለ ሴቶች ለረጅም ደቂቃ የሚያማርርበት ንግግር አለው፣ ወጣቶች በቃላቸው ይዘውት ነበር። ከዚያም በ2018 ሶኑ ኬ ቲቱ ኪ ስዊቲ መጣ፣ እዚያ ደግሞ ጓደኛ ጓደኛውን ከእጮኛው "ያድነዋል"። ሴት ያው ወጥመድ ናት በሱ ፊልም። ዴ ዴ ፒያር ዴ ላይ ብልጥ ሆነ፦ ረጅሙን ንግግር ከወንዱ ቀምቶ ለሴቷ ሰጣት። ቃሉ ግን ያው የወንዱ ነው። ሴትየዋ ስለተናገረችው ማንም አይከራከርም፣ ሰውዬው ነጻ ይወጣል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል።

ይሄ ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር። ከንግግሩ በኋላ አሺሽና ማንጁ አንድ ሌሊት አብረው ያድራሉ። አዎ። ወጣቷ እዚያው ቤት እያለች። ታውቃለች፣ ልቧ ይሰበራል፣ ትሄዳለች። እሺ፣ አሁንስ ሰውዬው ዋጋ ይከፍላል? ኧረ ወዲያ። የሚያስታርቃቸውም ማንጁ ሆና ቁጭ! የተተወችው ሚስት የባሏን እጮኛ ለምና ትመልሳለች። ቤቱን እሷ ያዘች፣ ልጆቹን እሷ አሳደገች፣ ወላጆቹን እሷ ጦረች፣ ስሙን እሷ አጸዳች፣ ድጋሚ ሙሽራም እሷው አመጣችለት። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ይባላል፤ እዋጅ ያለ ሰው ይዋጅ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ግን እንዴት በሷ ወጪ? አንድ ሰው ከዚህ ቤት "ምን ትፈልጊያለሽ ማንጁ?" ብሎ አይጠይቃትም። ደራሲውም አልጠየቃትም።

ለዚህ ነው ስለ 50 እና 26 የተባለው ፊልም ስለ 50 እና 26 ያልሆነው። የዕድሜው ጉዳይ ሰበብ ነው። ዋናው ጉዳይ "ሰውዬው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም" ሆነና ፍርዱም ገና ከመጀመሪያው ታውቋል። አክተር አይሞትም ይባል የለ? አክተር አይወቀስምም ለካ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። ታቡን እዚህ ወንበር ላይ ማስቀመጣቸው ራሱ ጉድ ነው። ከዚህ ፊልም 12 ዓመት በፊት፣ በ2007፣ ቺኒ ካም የሚባል ፊልም ላይ ወጣቷ እሷ ነበረች። አር. ባልኪ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ሙዚቃው የኢላያራጃ። አሚታብ ባቻን የ64 ዓመት ሼፍ ነው፣ ለንደን ውስጥ የሕንድ ምግብ ቤት አለው፣ እስካሁን አላገባም፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ታቡ 34 ዓመቷ ነው። የ30 ዓመት ልዩነት! ከአጄይና ከራኩሉ ስድስት ዓመት ይበልጣል። ግን ያኛው አሳመነኝ፣ ይሄኛው አላሳመነኝም።

ለምን? የሚተዋወቁበትን ቦታ ብቻ እዩት። ታቡ ምግብ ቤቱ ገብታ በሩዝና በሳፍሮን የሚሠራውን ፑላው ታዛለች። ቀምሳ ትመልሰዋለች፣ ስኳር አለበት ብላ። ሼፉ ከወጥ ቤት ወጥቶ ሰው ፊት ያዋርዳታል። እኔን ነው ምግብ የምታስተምሪኝ ዓይነት። ዝም ብላ ትሄዳለች። በኋላ ራሷ የሠራችውን ፑላው ትልክለታለች። ይቀምሳል፣ ያኔ ይገባዋል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲጣራ እውነትም በጨው ፈንታ ስኳር ተጨምሮ ኖሯል። ሽማግሌው አፍሮ ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣል። በቃ ይሄው ነው። በዚህች በአንዲት ሳህን እሱ ኩሩ እንደሆነ፣ እሷ ደግሞ ለማንም እንደማትጎነበስ፣ ሁለቱም ምላሳቸው ስለት እንደሆነ አወቅን። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ራሳቸው እያነሱ ይቀላለዳሉ፣ አይደብቁትም። አሺሽና አዬሻን ምን እንዳገናኛቸው ግን ፊልሙ አልቆም አላወቅኩም። እሷ ቆንጆ ናት፣ እሱ ቤት አለው። ከዚህ ሌላ?

ቺኒ ካም ላይ የልጅቷ አባትም አለ። ፓሬሽ ራዋል ነው የሚጫወተው፣ 58 ዓመቱ። አማት ከሙሽራው በስድስት ዓመት ያንሳል! ዴልሂ ድረስ ሄዶ እጇን ሊጠይቅ የተቀመጠውን ሰውዬ አባትየው በራሱ እኩያነት ሲያጫውተው፣ ወሬውን ሲሰማ ደግሞ አልበላም ብሎ በረሃብ አድማ ሲቀመጥ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ሳቁ ውስጥ ግን እውነት አለ፣ አባት እኮ ነው። እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት ሰዎች ከሙሽራው ያነሱ ሆነው ሲገኙ ምን እንደሚባል አስቡት።

ዴ ዴ ፒያር ዴ የአዬሻን ቤተሰብ ነገር ጭራሽ ለክፍል ሁለት አስተላለፈው። እዚያ ላይ አባትየውን የሚጫወተው ማድሃቫን ነው፣ በ1970 የተወለደ። አጄይ በ1969። አማት ከሙሽራው በአንድ ዓመት ያንሳል ማለት ነው። ጥሩ ቀልድ ነው፣ ብቻ 18 ዓመት ዘግይቷል።

ለነገሩ በሕንድ ሲኒማ ዕድሜ መች ተነስቶ ያውቃል? ሻህሩክ ካን በ2008 ከአኑሽካ ሻርማ ጋር ሲጫወት በ22 ዓመት ይበልጣት ነበር፣ ሳልማን ካን በ2025 ሲካንዳር ላይ ከራሽሚካ ጋር የ30 ዓመት ልዩነት ነበራቸው። አጄይና ራኩል በእውነተኛ ዕድሜያቸው የሚራራቁት በ21 ዓመት ነው። ስለዚህ "ልዩነቱን በግልጽ እናውራ" ብሎ የተነሳ ፊልም ሲገኝ ደስ ይላል፣ እኔም ለዚያ ነው ተስፋ ያደረግኩት። ደግሞ ሁልጊዜ ወንዱ ትልቅ፣ ሴቷ ትንሽ። በተቃራኒው የሞከረው ዲል ቻህታ ሄ ነበር፣ በ2001፤ አክሻዬ ካና በዕድሜ የምትበልጠውን ዲምፕል ካፓዲያን ይወዳል፣ እሷ ግን መጨረሻ ላይ ትሞታለች። ትልቋ ሴት ስትሆን ሞት፣ ትልቁ ወንድ ሲሆን ሠርግ። እንግዲህ።

ስለ ትወናው ላጠቃልል። ታቡ 10 ከ10፣ ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ ይገባት ነበር። ራኩልም አትከፋም፣ ከታቡ ጋር ስትጋፈጥ አትደበዝዝም፣ ይሄ ቀላል አይደለም። አጄይ ግን ደክሞት የመጣ ይመስላል፣ ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ሲያፍርም ሲወድም ሲዋሽም ያው ነው። ልብ አድርጉ፣ ፊልሙ ሲወጣ 50 ከሞላው ገና አንድ ወር ከምናምኑ ነበር። ራሱን ይጫወት ቢባል እንኳ ይበቃ ነበር።

ማን ይየው? ቅዳሜ ማታ ጭንቅላቱን ማሳረፍ የፈለገ፣ ለንደንንና ተራራውን ማየት የሚበቃው፣ ዘፈን የሚወድ ይየው፣ አይጎዳም። ከእናት ወይም ከአባት ጋር የምታዩ ከሆነ ግን የፓርቲውን ክፍል አስቀድማችሁ እለፉት። ሪሞት በእጃችሁ ይሁን፣ ባትሪውንም ቼክ አድርጉ። እኔ አክስቴ ወደ ማዕድ ቤት በሄደችበት ሰዓት ስለመጣ ነው የተረፍኩት።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ቺኒ ካምን አስጭኑ። ጎረቤቱ ያለችው የታመመች ሕፃን ታሪክ ሆድ ያባባል፣ ያንን እወቁት፣ መሐረብ ይኑራችሁ። ደግሞ ሳትበሉ አትጀምሩት፣ በተለይ በጾም። ግማሹ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።